የግራው መርፌ

ዛሬ ሪሲቨር ሲባል የሰው ሐሳብ ወደ ዲሽ ይሄዳል። እኔ የምናገረው ግን ስለዚያ ቀጭን ሳጥን አይደለም። ገርጂ ባለው ቤታችን ሳሎን፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ነጭ ዳንቴል ለብሶ ሠላሳ ሁለት ዓመት ስለተቀመጠው ነው። ራዲዮውና ድምፅ ማጉያው በአንድ አካል የተሠሩ፣ ፊቱ ብርማ፣ ጎንና ጎኑ እንጨት የለበሰ፣ ለማንሣት ሁለት ሰው የሚጠይቅ ትልቅ ስቴሪዮ ነው። ፊቱ ላይ፣ ከመስተዋቱ ኋላ፣ ሁለት ቀጫጭን መርፌዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንደኛው ወደ ግራው ስፒከር የሚሄደውን ኃይል ይለካል፣ ሁለተኛው ወደ ቀኙ የሚሄደውን።

የገዛችው ባለቤቴ የሺመቤት ናት። በወጣትነቷ ቦሌ አካባቢ በነበረ አንድ የውጭ ድርጅት ውስጥ በታይፒስትነት ትሠራ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ኃላፊው ወደ አገሩ ሲመለስ የቤቱን ዕቃ ለሠራተኞቹ ሸጠ። ሌሎቹ በፍሪጁና በምንጣፉ ሲሻሙ እርሷ ይህን መረጠች። በታክሲ አስጭና ስታመጣው፣ «ፍሪጅ የለንም እኮ» አልኋት።

«ውኃ በእንስራም ይቀዘቅዛል» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስድስት ዓመት ቤታችን ድምፅ የሞላው ቤት ሆነ። የሺ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ነበር የምትከፍተው። ሁለቱን ስፒከሮች በሁለቱ ማዕዘን አቁማ፣ ወንበሯን ልክ መካከላቸው አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች። «ክራሩ በዚህ፣ ማሲንቆው በዚያ፣ ዘፋኟ ደግሞ እዚህ ፊቴ ቆማለች» እያለች በጣቷ ታሳየኝ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። አምፖል ከመቀየር ያለፈ ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው አልነበረም፤ ክራሩና ማሲንቆው ለምን ተለያይተው እንደሚሰሙም አይገባኝም ነበር። ደስታዋ ግን ይገባኝ ነበር።

በ1984 ዓ.ም. ወደ ገርጂ ስንዛወር ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የአገራችን መብራት ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ነው፤ ስቴሪዮው ግን በመቶ ዐሥር ቮልት የሚሠራ ነበርና በግድግዳውና በእርሱ መካከል ኃይል የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይቀመጥ ነበር። በተዛወርንበት ቀን ዕቃ ያወረዱልን ጎረቤቶች ሳሎኑን ሞልተውት ነበር። ትራንስፎርመሩ ገና ከካርቶን አልወጣም። እኔ በእንግዶቹ ፊት የቤት ጌታ መስዬ ለመታየት ቸኮልሁና ገመዱን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። አንድ ጊዜ አጉረመረመ፤ ከዚያም ከኋላው ሰማያዊ ጭስ ወጣ። እንግዶቹ ወደ በሩ ሸሹ። የሺ መስኮቱን ከፈተች። ጭሱ ሲወጣ ዳንቴል አመጣችና ከነትኩሳቱ ሸፈነችው።

«አትዘን፤ አንድ ቀን ትሠራዋለህ» አለችኝ።

ያ ቃል በአርባ አንድ ዓመቴ ተማሪ አደረገኝ። አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ሰዎች ስለ ራዲዮ የተጻፉ መጻሕፍት ገዛሁ፤ መዝገበ ቃላት ከጎኔ አስቀምጬ አንድ ገጽ ለመጨረስ አንዳንድ ጊዜ ሳምንት ይወስድብኝ ነበር። ብየዳውን ተማርሁ፤ የሽቦውን ንድፍ ማንበብ ተማርሁ። ጡረታ ስወጣ ከመኝታ ቤታችን ቀጥሎ ያለችውን ትንሽ ክፍል መሥሪያ አደረግኋት። ከጃክሮስ፣ ከኢምፔሪያል፣ ከሰሚት ሰው የተበላሸ ዕቃውን ተሸክሞ ይመጣልኝ ጀመር። የሁሉንም ሠራሁ። የእርሷን ግን አልሠራሁም።

የሺ በዓመት አንድ ጊዜ ዳንቴሉን አጥባ ስታለብሰው፣ «የእኔ ተራ መቼ ነው?» ትለኛለች።

«ነገ» እላታለሁ።

«የአንተ ነገ ጢም አበቀለ እኮ» ትላለች፤ ትሥቃለች።

ለምን እንዳልሠራሁት ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ፈርቼ ነበር። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ዋናው ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ምትክ እንደሌለው መጻሕፍቱ አስተምረውኛል። ሳጥኑ እስካልተከፈተ ድረስ ገና የሚሠራ ዕቃ ነበር፤ ከተከፈተ ግን ለዘለዓለም የገደልሁት ዕቃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዝግ ሆኖ ቆየ።

የሺመቤት ያረፈችው በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ምሳ በልተን ስናበቃ ደረቷ ላይ ከበድ አላትና፣ «ትንሽ ጋደም ልበል» አለች። የአንድ ጋራዥ ባለቤት ማጉያ ጠረጴዛዬ ላይ ተከፍቶ ይጠብቀኝ ነበር።

«እዚሁ ነኝ፤ ከፈለግሽኝ ጥሪኝ» አልኋት።

የመሥሪያ ክፍሌ በር ላይ ቆማ ጥቂት አየችኝ። አንድ ነገር ልትናገር የፈለገች መስሎኝ ነበር። «እሺ» ብቻ ብላ ገባች።

ከጠረጴዛዬ እስከ አልጋችን ሰባት እርምጃ ነው። በሩ ክፍት ነበር። እኔ ስቀመጥ መስኮቱ በቀኜ፣ በሩ በግራዬ ይሆናል። በመስኮቱ በኩል፣ አጠገባችን በሚሠራው ፎቅ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ድሪል ሲጮህ ዋለ። ሥራዬን ጨርሼ ዐሥር ሰዓት ገደማ ስገባ የሺን በአልጋው ጫፍ ላይ በጎኗ ወድቃ አገኘኋት። አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ ነበር፤ ሌላው ባዶ። ፊቷ ወደ በሩ ነው። እጇ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ሐኪሙ የልብ ነገር ነው አለ። «ደርሰውላት ቢሆን እንኳ ያው ነበር፤ ራስዎን አይውቀሱ» አለኝ።

እኔም አልወቀስሁም። በድንኳኑ ውስጥ ለመጣ ለቀስተኛ ሁሉ አንድ ነገር ደጋግሜ ተናገርሁ፦ «ሰባት እርምጃ ላይ ነበርሁ። አልጠራችኝም። ብትጠራኝ እሰማ ነበር። ሳትጨነቅ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ እንቅልፍ ወስዷት ነው የሄደችው።» ይህች አንዲት ነገር ምርኩዜ ሆነች። አርባ አምስት ዓመት አብራኝ የኖረችው ሴት በመጨረሻዋ ሰዓት እኔን አልፈለገችኝም፤ አልፈለገችኝም ማለት አልፈራችም ማለት ነው። ማታ የምተኛው፣ ጠዋትም የምነሣው በዚህች ነገር ነበር።

ከአጥር ባሻገር ያሉት ጎረቤቶቻችን ወዳጆና ሚስቱ ጫልቱ ናቸው። አባቶቻቸው ገርጂ ገና የጤፍ ማሳ ሳለ ያረሱ ሰዎች ናቸው። በሁለታችን ግቢ መካከል ባለው የቆርቆሮ አጥር ላይ፣ ሴቶቹ የሚመላለሱባት ጠባብ በር አለች። ጫልቱ ለየሺ እንደ ታናሽ እህት ነበረች። «አልጠራችኝም» ስል በሰማች ቁጥር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ መሬት ታይ ነበር። እኔም እንደ ለቅሶ ቆጠርሁላት።

በእኛ ወግ ሐዘን የገባበት ቤት ዓመት እስኪሞላው ዘፈን አይከፈትበትም። የእኔ ቤትም ጸጥ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ የኦሮምኛ ዘፈን ከፍ አድርጎ ማዳመጥ የሚወደው ወዳጆ እንኳ፣ እስከ አርባዋ ድረስ ከአጥሩ ወዲህ አንድም ድምፅ አላሳለፈም።

የአርባው ተዝካር በወጣ በሳምንቱ ዳንቴሉን አነሣሁ። ቁርጥ ሐሳቤ ይህ ነበር፦ ዓመቱ ሲሞላ፣ ጥቁር ልብሴን ባወለቅሁ ማግስት፣ በዚህ ቤት የሚሰማው የመጀመሪያው ድምፅ ከዚህ ስቴሪዮ እንዲወጣ። የሺ እንደማትሰማው አውቃለሁ። ነገር ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት «ነገ» ያልሁት ነገ፣ አንድ ቀን እንዲደርስ ፈለግሁ።

ሳነሣው ከሥሩ አራት ናፍታሊን አገኘሁ። ሁለቱ ሟሙተው ሊያልቁ ደርሰዋል፤ ሁለቱ ገና አዲስ ነበሩ። በረሮ እንዳይገባበት በየዓመቱ ስትቀይር ኖራለች ማለት ነው። ብሎኑን ፈትቼ ክዳኑን አነሣሁ። የመለኪያዬን ጫፎች ዋናው ትራንስፎርመር ላይ አሳረፍሁ፤ ንባቡን አየሁ፤ ደግሜ አየሁ። ትራንስፎርመሩ ደኅና ነበር። በዚያን ቀን ፊውዙ ቀድሞ ተበጥሶ አድኖታል። የሞቱት የኃይል ትራንዚስተሮቹና ሁለት ትልልቅ ካፓሲተሮች ናቸው። ከሃያ ዓመት በፊት ብከፍተው፣ በአንድ ወር ሠርቼ ወንበሯን በመካከሉ አስቀምጥላት ነበር። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

ትራንዚስተሮቹን ፍለጋ መገናኛ ወዳለው ወደ አብዱልናስር ሱቅ ሄድሁ። አብዱልናስር በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ የሚሸጥ፣ አንደበቱ የማያርፍ ጎልማሳ ነው። የአሮጌውን ትራንዚስተር ቁጥር በመነጽሩ ሥር አነበበ።

«ጋሼ መኩሪያ፣ ይኼ ዕቃ አይደለም፤ ቅርስ ነው። ወደ ሙዚየም ይውሰዱት።»

«አንተ ጋ ያመጣሁትም ለዚያ ነው» አልሁት።

«እንግዲህ ሰደቡኝ» አለና ሣቀ። «ሦስት ሳምንት ይስጡኝ። ከፈረሱ ማጉያዎች ውስጥ እለቅምልዎታለሁ።»

ቃሉን ጠበቀ። ዕቃውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝና ወጣሁ። ባቡሩ ከሚያልፍበት ድልድይ ሥር ስደርስ አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ። አብዱልናስር ነው፤ ያለከልካል። መነጽሬን ረስቼበት ኖሯል።

«አምስት ጊዜ ጠራሁዎት እኮ ጋሼ። መገናኛ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ስሙ መኩሪያ ያልሆነ ሰው ሁሉ 'አቤት' አለኝ፤ እርስዎ ብቻ ቀሩ።»

«ባቡሩ ነው» አልሁት።

ቀና ብሎ ሐዲዱን አየ። ባቡር አልነበረም። ከዚያም በኋላዬ ዞሮ በቀኜ በኩል መጣና፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «እሺ ጋሼ፣ ባቡሩ ነው» አለ። የነገሩ ትርጉም አልታየኝም።

አንድ ጠጋኝ ሥራውን ሲጨርስ በጆሮው መፈተን አለበት፤ የሙያው ሕግ ነው። መለኪያ የማያየውን ብልሽት ጆሮ ይሰማል። እኔ ግን በሐዘን ቤት ስፒከር ማገናኘት አልቻልሁም። ስለዚህ በስፒከሮቹ ፋንታ ከኤሌክትሪክ ምድጃ የፈታኋቸውን ሽቦዎች አሰርሁ። ድምፅ ሊሆን የሚገባው ኃይል ሽቦው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ መቶ ዐሥር ቮልት መሆኑን ሦስት ጊዜ አረጋገጥሁ። ከዚያ፣ ብልሽት ቢኖር ቀድሞ አምፖሉ እንዲበራ፣ ከአምፖል ጋር በተርታ አያይዤ ቀስ በቀስ ኃይል ሰጠሁት። ፊቱ ላይ ሰማያዊ ብርሃን በራ። ራዲዮውን አንድ ጣቢያ ላይ አደረግሁና ድምፁን ከፍ አደረግሁ። ክፍሉ ጸጥ እንዳለ ሁለቱ መርፌዎች ተነሡ፤ አብረው ወጡ፣ አብረው ወረዱ። አንድ ሰው እየዘፈነ እንደሆነ በዓይኔ አየሁ።

በዚህ መካከል ወዳጆ ገባ። እንደ ልማዱ ከበሩ ገብቶ ጠረጴዛዬን ዞሮ፣ በርጩማውን በቀኜ አድርጎ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። በበሩ በኩል ባዶ ቦታ እያለ ዞሮ ይመጣል። ለሽማግሌ የሚደረግ አክብሮት ነው ብዬ ለዓመታት ተቀብየዋለሁ።

የጋለውን ሽቦ አየና፣ «አንተ መኩሪያ፣ ዘፈን እየጠበስህ ነው እንዴ?» አለኝ።

«ዓመቷ እስኪሞላ ነው።»

«እንግዲያውስ ዘፋኟ አረረች በላ።» ሣቁ ጠፋ። «የሺ ብታይህ ትሥቅብህ ነበር። 'ሳይሰሙ ይሠራሉ ወይ' ትልህ ነበር።»

«ሁለቱም መርፌዎች እኩል ናቸው። ዓይን አይዋሽም» አልሁት።

ወዳጆ ጆሮዬን፣ የግራውን፣ ለአፍታ ተመለከተና ወደ መርፌዎቹ ዞረ። «ዓይንስ አይዋሽም» አለ።

ሙት ዓመቷ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ወጣ። በማግስቱ ጥቁሩን አውልቄ፣ ስፒከሮቹ ላይ የነበሩትን የአበባ ማሰሮዎች አወረድሁ። የሺ በነበረችበት ዘመን እንዳደረገችው በሁለቱ ማዕዘን አቆምኋቸው። ወንበሯን መካከል አደረግሁ። ወዳጆና ጫልቱ መጡ። «አንተ ተቀመጥበት፤ ሥራው ያንተ ነው» አለኝ ወዳጆ። ተቀመጥሁ። ተነሥቼ ከፈትሁና ተመልሼ ተቀመጥሁ።

ክራር ነበር። ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ ቤቱ እንደገና ድምፅ ሞላው። ጫልቱ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። ወዳጆ ግድግዳውን ተደግፎ ራሱን ይነቀንቅ ጀመር። «ይኼ ነው» አለ፤ «ይኼ ነው እሷ የነገረችን።»

እኔ ግን የሰማሁት የቀኙን ብቻ ነው። በግራ በኩል ባዶ ነበር። ልክ ግማሹ ግድግዳ እንደ ፈረሰ ቤት። ለእንግዶቼ ምንም አልተናገርሁም። ሳይሰማ የተሠራ ሥራ የሚያመጣው ቅጣት ይህ ነው ብዬ አፈርሁ። ሲሄዱ ክዳኑን ከፈትሁ።

ሁለት ቀን ሙሉ የግራውን መስመር ፈተሽሁ። እያንዳንዱን ብየዳ አደስሁ። ትራንዚስተሮቹን አውጥቼ መለስሁ። መርፌው በትክክል ይዘላል፤ ቮልቱ ልክ ነው፤ ብልሽት የለም። የስፒከሮቹን ገመድ አቀያየርሁ፤ የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ። ብልሽቱ ከገመዱ ጋር አልተዛወረም፤ አሁንም ግራው ነው ዝም ያለው። ይህ በመጽሐፍ የማይገኝ ነገር ነው። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ድምፁን በሙሉ ወደ ግራው ስፒከር ብቻ አዞርሁት። ከግድግዳ ኋላ የሚመጣ የሚመስል ቀጭን ድምፅ ተሰማኝ፤ ያም ቢሆን ከቀኝ በኩል። ከእጄ ላይ ብሎን ወደቀ። ላነሣው ጎንበስ ብዬ ጀርባዬን ወደ ስቴሪዮው ሳዞር፣ ያ ዝም ያለው ስፒከር በሙሉ ድምፁ ጮኸ።

ቀና አልሁ። ወደ ፊት ዞርሁ፤ ድምፁ ሸሸ። ወደ ኋላ ዞርሁ፤ መጣ። በሳሎኑ መካከል እንደ ሕፃን አራት አምስት ጊዜ ዞርሁ። በመጨረሻም ወደ ፊት ተመልሼ ቀኝ ጆሮዬን በመዳፌ ደፈንሁት።

የግራው መርፌ ይዘላል። ሌላ ምንም አልነበረም።

ስቴሪዮውን ሳላጠፋ ወደ መሥሪያ ክፍሌ ሄድሁ፤ ከጠረጴዛዬ ፊት ተቀመጥሁ። መስኮቱ በቀኜ ነው። በሩ በግራዬ ነው። በበሩ በኩል ሰባት እርምጃ ላይ አልጋው ይታያል። 

በአጥሩ በር አልፌ ስገባ ወዳጆና ጫልቱ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። «የግራ ጆሮዬ አይሰማም» አልኋቸው።

ሁለቱም አልደነገጡም። ወዳጆ፣ «አታውቅም ነበር እንዴ?» አለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አራት አምስት ዓመት ይሆነዋል። የሺ ናት የነገረችን። 'በቀኙ ሁኑ' አለችን። 'እንዳትነግሩት፤ ሙያው በጆሮው ነው፤ ካወቀ ሥራውን ይተዋል፤ ሥራውን ከተወ ደግሞ ይሞትብኛል' አለች። እኛም ቃሏን ጠበቅን። ለአብዱልናስርም ያኔ ዕቃ ልትገዛልህ ስትሄድ ነግራዋለች።»

ያን ጊዜ ብዙ ነገር አንድ በአንድ ወደ አእምሮዬ ተመለሰ። የሺ ከሩቅ ጠርታኝ አታውቅም ነበር። ስትፈልገኝ ከበሩ ገብታ፣ ጠረጴዛዬን ዞራ፣ በቀኜ መጥታ ትከሻዬን ነካ አድርጋ ነው የምትናገረው። ድምፅ ከፍ ማድረግ የማትወድ ጨዋ ሴት ናት እል ነበር። ያን ማክሰኞ በሩ ላይ ቆማ ያየችኝ፣ «ጥሪኝ» ያልኋት ጊዜ ነው። «ወንበርህን አዙረው» ልትለኝ ትችል ነበር። እንዲህ ካለች ግን ምክንያቱን መናገር ይኖርባታል። «እሺ» ብላኝ ገባች።

«ጫልቱ» አልሁ። «ያን ቀን ጠርታኝ ነበር?»

ጫልቱ ባሏን አየችው። ወዳጆ በኦሮምኛ አንድ ቃል፣ በለሆሳስ፣ ተናገራት። ተነሥታ በቀኜ በኩል ዞራ መጣችና ከአጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ልብስ እያሰጣሁ ነበር» አለች። «የመኝታ ቤታችሁ መስኮት ወደ እኛ ክፍት ነበር። 'መኩ' ስትል ሰማሁ። ቆይታ ደግማ 'መኩ' አለች። ሦስተኛ ጊዜ ጠራች። አራተኛ ስላልጠራች፣ መጡላት ብዬ ልብሴን ማስጣት ቀጠልኩ።»

 ድሮ ድሪል ይጮህበት የነበረው ፎቅ አልቆ ሰው ገብቶበታል፤ ከላይ ሕፃናት ይሣቃሉ።

«በየትኛው ጎንዎ እንደነበረች አላሰብኩም ጋሼ። በቀኙ ሁኑ ብላ ያስተማረችን እሷ ሆና፣ የዚያን ቀን እኔው ረሳሁት። ሃያ እርምጃ ብሮጥ ኖሮ…» ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ድንኳኑ ውስጥ 'አልጠራችኝም' ሲሉ ምን ልበል? እርስዎ የቀረዎት ያች ቃል ብቻ ነበረች፤ እንዴት ብዬ ልንጠቅዎት?»

«ምን ዓይነት ድምፅ ነበር?» አልኋት።

«እንዴት?»

«የፈራ ሰው ድምፅ ነበር?»

ጫልቱ ቀና ብላ አየችኝ። ልትዋሸኝ ትችል ነበር፤ እኔም ብትዋሸኝ በወደድሁ። «የመጀመሪያው እንደ ወትሮዋ ነበር» አለች። «ሦስተኛው አይደለም።»

አልተቆጣኋትም። እጇን ያዝሁ። ሐኪሙ «ያው ነበር» ማለቱን አስታወስሁ። ሐኪሙ የተናገረው ስለ ልቧ ነው። ሰው ግን የሚጠራው ለመዳን ብቻ አይደለም፤ «አቤት» የሚል መኖሩን ለማወቅም ይጠራል። ሦስት ጊዜ ጠርታ መልስ ስታጣ፣ እግሯ እያቃታት፣ ወደ ቀኜ ዞራ ልትመጣ ተነሣች። ለዚህ ነው አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ የነበረው። ለተኛ ሰው ጫማ ነው ብዬ ለአንድ ዓመት ለሰው ያወራሁት፣ ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ጫማ ነበር። ሁለተኛውን ለማጥለቅ አልደረሰችም።

ወደ ቤት ስመለስ ስቴሪዮው እንደተከፈተ ነበር። ድምፁ አሁንም ወደ ግራው ብቻ እንደዞረ ነው። በወንበሯ ላይ ሳልሆን ከጎኑ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ መርፌውን አየሁ። በጣም ጥሩ ሥራ ነበር። ከሠራኋቸው ሁሉ የተሻለ።

ከዚያ በኋላ ወዳጆ አንድ ቀን መጥቶ፣ «ሁለቱን ድምፅ አንድ ላይ የሚያደርግ ማብሪያ የለውም? በአንዱ ጆሮህ ሁሉንም ትሰማበታለህ» አለኝ። አለው። ሞኖ የሚል ጽሑፍ ያለባት ትንሽ ቁልፍ ናት። እስከ ዛሬ አልተጫንኋትም። የሺ የገዛችው ስቴሪዮ ነው።

በጆሮ የሚፈተን ሥራ መቀበል ተውሁ። የሚመጣውን ሰው ወደ ሌላ ጠጋኝ እልካለሁ፤ ምክንያቱንም እነግረዋለሁ። ሽቦ የተቆረጠበትን፣ ማብሪያው የተሰበረበትን ብቻ እሠራለሁ። ጠረጴዛዬን ግን አዞርሁት። ብቻዬን ስለሆንሁ ዕቃውን አውርጄ፣ ገፍቼ፣ መልሼ ለመደርደር ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አሁን መስኮቱ በግራዬ ነው፤ የመኝታ ቤቱ በር በቀኜ። ከዚያ በኩል የሚጠራኝ የለም።

ጫልቱ ምሳ ስታደርስልኝ በአጥሩ በር ገብታ ከደጅ ትጠራኛለች። ድሮ ዞራ ካልመጣች አትናገርም ነበር፤ አሁን ከደጅ ነው የምትጠራው፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «ጋሼ መኩሪያ» ብላ። እኔም በእጄ የያዝሁትን አስቀምጬ፣ በመጀመሪያው ጥሪ፣ «አቤት» እላታለሁ።

እርሷ ወዲያው አትገባም። እኔም ወዲያው አልነሣም።